የአሜሪካ ታሪፍ ሐይቅ ገባ

ዛሬ ሐይቅ ከተማ ከመናኸሪያ ወደ ሐይቁ ዳር ስንሄድ የባጃጁ ሬዲዮ «የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ታሪፍ ጨመሩ» ከማለቱ፣ ሹፌሩ ሰይድ ዞር ብሎ «ሰማችሁ አይደል? ታሪፍ ጨምሯል!» አለን።

«ኧረ የዕቃ ቀረጥ ነው፣ የባጃጅ አይደለም» ስለው «ታሪፍ ታሪፍ ነው» ብሎ ዘጋኝ። (የነዳጅ ወረፋ አለቀ የሚል ዜና ሲነበብ ግን ሬዲዮውን ያጠፋል።)

ሬዲዮው ቀጠለ፤ ፕሬዚዳንቱን ደግፎ መንግሥት ቤት የገባው ቢሊየነር በታሪፉ አልተስማማም።

አጠገቤ የተቀመጡት እትየ ዘሀራ ግራ ገባቸው። «ሀብታም ሆኖ ነው የገባው?»

«አዎ፣ እትየ።»

«ያረቢ! ሀብታም ከሆነ ወዲያ መንግሥት ቤት ምን ሊያደርግ ገባ?»

ባጃጁ በሳቅ ተናጠ። ሰይድም እየሳቀ እሳቸውን በድሮው ታሪፍ አወረዳቸው።

እኔን ያስከፈለኝ በአሜሪካው ነው።

እናንተስ ሰፈር ማን በአሜሪካ አሳቦ ጨመረባችሁ?