ከበሩ በስተቀኝ ያለው ካብ

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ከወዲሁ ልናገረው።

አሰላ ውስጥ የግንባታ ዕቃ እሸጣለሁ። የእናቴ አገር ግን ከበቆጂ በላይ፣ ተራራ አናት ላይ ያለች መንደር ናት። የጥንት ሰዎች ጠላት እንዳይደፍራት ዙሪያዋን ያለ ጭቃ በተካበ ድንጋይ አጥረዋታል። መግቢያዋ አንድ ጠባብ በር ነው፤ ፈረሰኛ እንኳ ካልወረደ አያልፍም።

ከበሩ በስተቀኝ ያለው ካብ ሆዱን ሲነፋ፣ ከሱቄ ሲሚንቶ አስጭኜ ወጣሁና ቀዳዳውን ሁሉ አስደፈንኩት። የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ በመንደሩ ካብ መካብ የሚያውቁት የመጨረሻው ሰው፣ «ውሃው በየት ይውጣ?» አሉኝ። ሳቅኩባቸው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል አይደል የሚባለው? በክረምቱ ከኋላ ተጠራቅሞ ካቡን ዘረገፈው። ኧረ እንዴት አፈርኩ!

ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው፣ «እንግዲህ በሩም ይፍረስ፤ የእህል ማጨጃ ኮምባይነር የሚያስገባ መንገድ ይውጣ» አሉ። አጎቴ ብድግ ብለው፣ «አንድ ክረምት ስጡኝ። ዳግም ከወደቀ በሩን በገዛ እጄ አፈርሰዋለሁ» አሉ። ሰጧቸው።

ግን የትኛው እጅ? እጃቸው ይንቀጠቀጣል። «እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ እክባለሁ» አልኳቸው። እሑድ እሑድ ሱቄን ዘግቼ ድንጋይ ተሸከምኩ። ረጅሙ ድንጋይ ጅራቱ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ትንንሹ መሐሉን ይሞላል። እሳቸው በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ይሰድቡኛል። «አፍርሺው! ይሄ ካብ ነው ወይስ የዶሮ ቤት?» ሦስቴ አፈረስኩ። ጥፍሬ አለቀ። አንድ ቀን ተናድጄ ድንጋዩን ወርውሬ ልሄድ ስል፣ «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ከአንቺ ሌላ ማን አለኝ?» አሉኝ። ተመለስኩ።

በዓመቱ ሐምሌ ገባ። አንድ ከሰዓት በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ፤ መንደሩ ሁሉ ላስቲክ ተከናንቦ ካቡ ፊት ቆመ። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ ውሃው በየድንጋዩ መሐል እየተንፎለፎለ ወጣ፤ ካቡ ግን ንቅንቅ አላለም! እልልታዬን አቀለጥኩት።

በሩ ይፍረስ ካሉት ሽማግሌዎች አንዱ የአጎቴን እጅ ጨብጠው፣ «እጅዎ ይባረክ» አሏቸው።

«የእኔ እጅ ማንኪያ እንኳ በወጉ አያነሳም» አሉ አጎቴ፤ «የካበችው እሷ ናት።»

በሳምንቱ ከማዶ መንደር ሁለት ሰዎች ሱቄ ድረስ መጡ። «ካብ የምትክበዋን ሴትዮ ፈልገን ነበር» አሉ። የሲሚንቶ ሻጭነቴን ትቼ ብድግ አልኩ። «እኔ ነኝ!»