በሁዳዴ የተነፉ አራት ፊኛዎች

ቲቸር አልጣሽ ግትር ነበረች። እዚሁ ላሊበላ ከቄስ ቤት ተወልዳ፣ ኮሌጅ ጨርሳ ኬሚስትሪ ልታስተምረን የተመለሰች ናት። በ1979 እኛ አስራ ሁለተኛ ክፍል ነበርን። ማትሪክ የወደቀ ወንድ ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን፤ ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ ወዲህ ቀበሌው ወጣት ሲያይ ዓይኑ ይበራል።

አንድ ቀን የሚቴንን ቅርጽ ሳሉ አለችን። ክፍሉ በሙሉ መስቀል ሳለ፤ ካርቦን መሀል፣ አራቱ ሃይድሮጅን በአራቱ ክንድ ጫፍ፣ በመካከላቸው ዘጠና ዲግሪ። የደብር ልጆች ነና! "ጠፍጣፋው ወረቀቱ ነው እንጂ ሞሊኪዩሉ አይደለም" ብትል ማን ይስማት። ዲያቆኑ ገብረ ሊባኖስማ "ቲቸር፣ ከዚህ የሚያምር ቅርጽ ከየት ይመጣል?" ብሎ ሞገታት።

ሁዳዴ ስለነበር በክርስቲያን ቤት የሚታረድ የለም። እሷ ግን ሰርግ ከነበረበት ከነጋዴው ከመሐመድ ቤት አራት የበግ ፊኛ ለምና፣ አጥባ ይዛ መጣች። ንፉ ስትለን አፋችንን በእጃችን ከደንን። በጾም፣ ያውም እስላም ያረደው!

"እሺ" አለችና አራቱንም ራሷ ነፋች። አንገታቸውን አንድ ላይ ስታስራቸው ፊኛዎቹ እየተገፋፉ አንዱ ወደ ላይ ወጣ፣ ሦስቱ እግር ሆነው ጠረጴዛው ላይ ቆሙ። መስቀል ልናደርጋቸው ተጫንናቸው፤ ስንለቃቸው ተመልሰው ተነሱ።

"እያንዳንዱ ፊኛ ሃይድሮጅን የያዘ የኤሌክትሮን ጥንድ ነው። ሲገፋፉ በመካከላቸው መቶ ዘጠኝ ከግማሽ ዲግሪ" አለች። ከዚያ የላይኛውን በከሰል አጠቆረችው። "አሁን አሞኒያ በሉት። ይሄ ያልተጣመረው የኤሌክትሮን ጥንድ ነው። ሃይድሮጅን አልያዘም፣ ግን ይገፋል። ከሌሎቹም ይብሳል፤ ስለዚህ ሦስቱ ይቀራረባሉ፣ መቶ ሰባት።"

ገብረ ሊባኖስ ዘጠናውን በላጲስ ሲያጠፋ አየሁት።

በማግስቱ ጠዋት የንስሐ አባቷ አባ ገብረመስቀል ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አስቆሟት። እኔ ከኋላዋ ነበርሁ።

"ልጄ፣ በሁዳዴ የበግ ፊኛ አፍሽ ውስጥ አስገባሽ?"

"አዎ አባቴ። አልዋጥሁም እንጂ አስገብቻለሁ።"

"ምን ሆንሁ ብለሽ?"

"ልጆቹ ካልገባቸው ይወድቃሉ። ከወደቁ ጦር ሜዳ ነው፣ አባቴ።"



"ለጥፋትሽ መቶ ስገጂ" አሏት።

ነጠላዋን አስተካክላ፣ "እሰግዳለሁ። ግን ዛሬም ለሌላው አስራ ሁለተኛ ክፍል እነፋለሁ። የዚያንም አብረው ይዘዙልኝ" አለች።

አባ "ሁለት መቶ" አሉና መስቀላቸውን አሳለሟት።