የአባቴ ግራ ጆሮ

አባቴን ማናገር የሚፈልግ ሰው በቀኙ በኩል መቆም አለበት። ግራ ጆሮው ሞቷል። አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ ሽመና ክፍል፣ ዕድሜውን ሙሉ የሚንኳኳ ማሽን በግራው አድርጎ ነው የሠራው። ጡረታ ሲወጣ ቀኙን ብቻ ይዞ ወጣ። «ግማሹን ለፋብሪካው ሰጥቼ ግማሹን ለቤቴ አመጣሁ» ይላል። እንግዳ ሁሉ ይስቃል፤ እኔ ይህን ቀልድ ከጠገብኩት ቆየሁ።

የሽመና ክፍል ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው። በዚያ ጫጫታ ማንም ማንንም ስለማይሰማ የሚያወሩት በከንፈር ብቻ ነው፤ ድምፅ ሳያወጡ አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ ሌላው ከሩቅ አይቶ ይመልሳል። አባቴ በዚህ የተካነ ነበር። ስለዚህ እኛ ቤት ማጉረምረም አይቻልም። ልጅ ሆኜ እናቴ ስትቆጣኝ ፊቴን አዙሬ ከንፈሬን ካንቀሳቀስኩ አባቴ ከሳሎኑ ማዶ «ምን አልሽ?» ይለኛል። ሌላው ልጅ ቢያንስ ለራሱ የሚሳደብበት ቦታ ነበረው። እኔ አልነበረኝም።

እናቴ ካረፈች በኋላ ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሁለታችን ቀረን። ሁለታችንና የሙዚቃ ሸክላዎቹ ማለት ይሻላል፤ ከእኛ ይልቅ ቤቱን የያዙት እነሱ ናቸውና። አባቴ ከወጣትነቱ ጀምሮ ሸክላ ይሰበስባል፣ ጡረታ ሲወጣ ደግሞ ባሰበት። መርካቶ ያሉ አሮጌ ዕቃ ሻጮች ሲያዩት ወንበር ያቀርቡለታል። የእሱ በሽታ ግን ከሌላው ሰብሳቢ ይለያል፤ አንዱን ዘፈን በሁለት ሸክላ ይፈልገዋል፣ አንድ ጊዜ በሞኖ፣ አንድ ጊዜ በስቴሪዮ። ለማያውቅ ላስረዳ፦ በሞኖ ዘፋኙም ሙዚቀኛውም በአንድ በር ተጋፍተው ይገባሉ። ስቴሪዮ ለሁለት ይከፍላቸዋል። በድሮዎቹ ላይማ የተጣሉ ይመስል ዘፋኙን ግራ፣ ከበሮና ሳክስፎኑን ቀኝ አድርገው ያራርቋቸዋል።

ድሮ በትልልቅ ስፒከር ነበር የሚሰማው። ከበታቻችን ያለችው ሴትዮ አራስ በነበረች ጊዜ ወጥታ «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ልጁ አልተኛ አለኝ» ስትለው ስፒከሩን ነቅሎ ሄድፎን ገዛ። ልጁ አድጎ ትምህርት ቤት ገብቷል፤ ሄድፎኑ ግን ቀረ። በሄድፎን ሲሆን ደግሞ ወደ ግራ ጆሮው የተላከው ሁሉ መና ይቀራል። እኔ ሥራ ያገኘሁት በዚህ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ ሞኖውን ያስቀምጣል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። ቀጥሎ ስቴሪዮውን። ከዚያ ሄድፎኑን አውልቆ ይዘረጋልኛል።

«እስቲ ግራው ላይ ምን አለ?»

«ዘፋኙ አለ። ከኋላው ክራር የሚመስል ነገር አለ። አየር ሲስብ ይሰማል።»

«ይተነፍሳል? ሞኖው ላይ እኮ ትንፋሹ የለም!» ይላል፣ ጠፍቶ የተገኘ ዘመዱን ወሬ የነገርኩት ያህል።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ደስ ይለኝ ነበር። በኋላ ግን ከሥራ ስመጣ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ ጓደኛዬ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ሳይቀር ያ ሄድፎን ይዘረጋልኛል። ደከመኝ ካልኩት «እሺ» ይላል፤ አይቆጣም። ሄድፎኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ይጠብቀኛል። ቢቆጣኝ በስንት ጣዕሙ።

በዚህ መካከል ሐዋሳ ሥራ ተገኘልኝ። እኔ ሳሪስ አካባቢ ባለ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ፤ ሐዋሳ ደግሞ አንድ ሙሉ ክፍል እንድመራ ፈለጉኝ። ጠጉሬ መሸበት ጀምሯል፣ ከአባቴ ቤት ውጪ ግን ኖሬ አላውቅም። ይህ ካመለጠኝ ሌላ እንደማይመጣ አውቄዋለሁ። በወሩ መጨረሻ መልስ እንድሰጥ ነገሩኝ። በቀኙ በኩል ቁጭ ብዬ ነገርኩት።

«ሂጂ፤ ማን ያዘሽ?» አለ። ሻዩን አማሰለ። ከዚያ ለስኳሩ የሚናገር መስሎ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለ።

በማግስቱ መርካቶ ወርዶ አዲስ ስቴሪዮ ይዞ መጣ። ሰምቶት የማያውቀው ዘፋኝ ነው፤ ሞኖውም አልተገኘም። «ይሄ ግራው ላይ ብዙ ነገር አለው አሉኝ፤ ቀስ እያልን እንሰማዋለን» አለኝ። ድሬዳዋ ያለው ወንድሜ ደግሞ ስልክ ደውሎ «ለማን ልትተዪው ነው?» አለኝ። ወንድሜ በዓመት አንዴ፣ ለፋሲካ ብቅ ይላል። ዶሮውን በልቶ ይመለሳል።

ከሥራ ስመለስ ታክሲው ቃሊቲ ሲደርስ ከኋላ «ማረሚያ ቤት ወራጅ አለ!» ይባላል። ስንቅ የያዙ ሴቶች ይወርዳሉ። አንድ ቀን አጠገቤ የተቀመጠች እናት «አንቺስ ማን አለሽ?» ስትለኝ «እኔ የምወርደው ገላን ነው» አልኳት፤ እንባዬ መጣ። በአንድ የሄድፎን ሽቦ እጅ ከወርች ታስሬያለሁ ብላት ማን ያምነኛል? ስንቅም የሚያመጣልኝ የለም። የመልሱ ቀን እየቀረበ ነበር፣ እኔም ልቤ «እቀራለሁ» ወደሚለው እያዘነበለ ነበር። ጆሮ የሌለውን ሰው ጥዬ እንዴት እሄዳለሁ?

ከዚያ ፋብሪካው መብራት ጠፋበትና በጊዜ ለቀቁን። በራሴ ቁልፍ ከፍቼ ገባሁ። አባቴ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ ሄድፎኑን አጥልቆ ተቀምጧል። አዲሱ ስቴሪዮ እየዞረ ነው። እሱ ደግሞ ይዘፍናል።

ጫማዬን ሳላወልቅ ቆሜ ቀረሁ። በዚያ ሸክላ ላይ ዘፋኙ ያለው ግራው ላይ ብቻ ነው፤ ይህን የነገርኩት እኔ ነኝ፣ ግጥሙን ግን አልነገርኩትም። እሱ ግን ቃል በቃል፣ ትንፋሹን ሳይቀር ጠብቆ ይከተለዋል። ሄድፎኑ ወደተሰካበት አምፕሊፋየር ጠጋ ብዬ አየሁ። ከቁልፎቹ አንዱ ወደ ውስጥ ተጭኗል፤ ግራና ቀኙን ቀላቅሎ ሁሉንም ለሁለቱም ጆሮ የሚልከው ነው፣ ስቴሪዮውን ሞኖ የሚያደርገው። የሌሎቹ ቁልፎች ጽሑፍ ደህና ይነበባል። የዚህኛው በጣት ብዛት ተፍቆ ከ«MONO» «MO» ብቻ ቀርቶታል። የአንድ ሳምንት ጣት እንዲህ አይፍቅም። ይሄ የዓመታት ነው።

ደሜ ፈላ። ለስንት ዓመት ጆሮው ነኝ ብዬ!

ዓይኑን ገለጠና አየኝ። አውራ ጣቱ ከእኔ ፈጥኖ ቁልፉን መለሰው። ሄድፎኑን አውልቆ ዘረጋልኝ።

«መጣሽ? ነይ እስቲ፣ ግራው ላይ ምን አለ?»

«ራስህ ስትዘፍነው አልነበር እንዴ፣ አባዬ?»

እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ ፊቱን ወደ ቡፌው አዞረና ግራ ጆሮውን ሰጠኝ። እንዲህ ሲያደርግ ዞሬ በቀኙ መቆም ልማዴ ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የእሱን ቀኝ ስፈልግ ነው የኖርኩት። ያን ቀን አልዞርኩም። በሞተው ጆሮ በኩል ቆሜ፣ እንደ ሽመና ክፍል ሰዎች ድምፅ ሳላወጣ፣ ከንፈሬን ብቻ እያንቀሳቀስኩ ተናገርኩ። «ሐዋሳ እሄዳለሁ። አፍነኸኛል። እወድሃለሁ፣ ግን አፍነኸኛል።» በዚያ ቤት ሰሚ የሌለው ቃል ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር፤ ቀለል አለኝ።

አባቴ አልዞረም። ሸክላው አልቆ መርፌው መሃል ላይ ይፋጫል።

«ሞኖዎቹን ተይልኝ» አለ በመጨረሻ። «ስቴሪዮዎቹን ውሰጃቸው። አንቺ ሁለት ጆሮ አለሽ።»

ያን ጊዜ ነው ቀና ብዬ ወደ ቡፌው ያየሁት። መስታወቱ ውስጥ ፊቴ ሙሉ በሙሉ ይታያል፣ ከነከንፈሬ።

አሁን ሐዋሳ ነኝ። ስቴሪዮዎቹ በሁለት ካርቶን ታሽገው አልጋዬ ሥር ናቸው። ማጫወቻ የለኝም። ከእነሱ አንዱን መስማት ያማረኝ ቀን ይዤው ገላን መሄድ፣ አራት ፎቅ መውጣት፣ አባቴ አጠገብ መቀመጥ አለብኝ። ይህን ሳያስብ የሰጠኝ ይመስላችኋል?