ዝናቡ ከመጣ በኋላ

ጎረቤቴ ናት፤ ግን በደንብ አውቃታለሁ ብዬ ለመጻፍ አልደፍርም። ከሰላምታ ያለፈ ብዙ ተጫውተን አናውቅም። ባሕሩ ዳር ባለው የእንግዳ ማረፊያ አንሶላ ታጥባለች።

እኛ ዘንድ በጋ ሲገባ ነፋሱ ፊቱን ያዞራል። ከባሕር መምጣቱን ትቶ ከበረሃው በኩል አቧራ ተሸክሞ ይነፍሳል። ፀሐይዋ ትገረጣለች፤ የተሰጣ ነጭ ልብስ ሳይደርቅ በአቧራው ይቀላል። ዝናብ እስኪመለስ ወራት ይፈጃል።

አንዲት ልጇ ይህን አየር አትችለውም፤ ደረቷን ያፍናታል። ሐኪሙ «ከዚህ አርቂያት» ካላት ወዲህ፣ ነፋሱ በዞረ ቁጥር ወደ ደጋ፣ እህቷ ዘንድ ትልካታለች። ዝናቡ ጣሪያውን ሲያጥበው ታስመጣታለች።

ልጅቷ ስትሄድ ደግሞ ማንም የማይተኛበትን አልጋ አንሶላ እያነሳች ታጥባለች፤ መስኮቱ ላይ እርጥብ ጨርቅ ትወጥራለች። የማረፊያው ዘበኛ ይህን ሲሰማ አይተዋትም።

«እትዬ፣ ባሕሩንም አጥበው ያስጡት እንጂ!»

«መጀመሪያ ያንተን ኮት አምጣ! ባሕሩ ካንተ ይሻላል።»

እንዲህ እየተባባሉ በጋውን ይገፉታል።

ዘንድሮም ዝናቡ መጣ። መስኮቱን ከፈተች፣ አልጋውን አነጠፈች፣ ስልክ ደወለች። ግድግዳችን ስስ ስለሆነ ሳልፈልግ ሰማሁ።

«የኔ እናት፣ ዝናብ መጥቷል እኮ! አልጋሽን አንጥፌልሻለሁ።»

የልጅቷ መልስ አይሰማኝም፤ የሷ ብቻ ነው።

«ማንን ነው እማዬ ያልሻት? አክስትሽን ነው?... አይ፣ ምንም አይደል። ማለቴ፣ እሷም እናትሽ ናት።»

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች።

«ጓደኞችሽ እዚያ ከሆኑማ... እሺ። አዎ፣ አየሩ እዚያ ጥሩ ነው። እሺ በይ፣ አክስትሽን ሳሚልኝ።»

ሬዲዮዬን ከፈትኩ፤ የሰማሁ እንዳይመስላት።

በማግስቱ ጓሮ አገኘኋት። የልጅቷን አንሶላ ከገንዳው እያወጣች ነበር። አየሩ ጠርቶ ባሕሩ እስከ ዳር ይታያል፤ ገመዱ ላይ የአቧራ ምልክት እንኳ የለም። ልተወው እያልኩ አፌ ቀደመኝ።

«እህቴ፣ ልጅቷ ታዲያ መቼ ትመጣለች?»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ የአንሶላውን አንድ ጫፍ አቀበለችኝ።

«ያዢልኝ እስቲ» አለች። «አንቺ ወደዚያ ጠምዝዢ።»