የአባ ይማም የስታዲየም ተራ

ትናንት ከወልዲያ ወደ መርሳ ስመለስ የሚኒባሱ ሬዲዮ የስታዲየም መግቢያ ዋጋ ጨመረ አለ። ከኋላ የተቀመጡ ጎረምሶች "ቢጨምርም ትኬቱ አይገኝም!" ተባብለው ሳቁ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። አባ ይማም ትዝ አሉኝ።

አባ ይማም መርሳ ላይ ብርቱካን የሚያለሙ ጎረቤታችን ናቸው። ከዓመታት በፊት ልጃቸው ከድር ለወልዲያ ቡድን ተመርጦ በአዲሱ ስታዲየም ለመጀመሪያ ጊዜ ሊሰለፍ ነው ተባለ። እኔ ያኔ ጋራዥ የምሠራ ጎረምሳ ነበርኩ። "አባ፣ ከድር በነፃ ያስገባዎታል እኮ" ብላቸው ተቆጡኝ።

"በልጄ ጀርባ ታዝዬ አልገባም! እንደ ሰዉ ከፍዬ ነው የማየው።"

እልኸኛ ናቸው፤ ምን ይደረጋል። በማለዳ ተሳፈርን። የእሸት ወቅት ነበር፤ እስከ ሲሪንቃ ድረስ ማሽላው መንገዱን ከግራ ከቀኝ ይዞታል። እሳቸው ከቤት የተጠበሰ እሸት ቋጥረው ኖሮ እየፈለፈሉ ያቀብሉኛል። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

የትኬቱ መስኮት ገና አልተከፈተም። ከሰልፉ መጨረሻ ሁለት ድንጋይ አስቀመጡና "ይኼ የኔ፣ ይኼ ያንተ" አሉ። መርሳ፣ ውኃ ቦኖ ላይ ተራ የሚያዘው እንዲህ ነው፤ የሰው ድንጋይ የሚነካ የለም። ከኋላችን ላለው ሰው አደራ ብለው ዙህር ሊሰግዱ ሄዱ፤ እኔም ሻይ ፍለጋ። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል አሉ!

ቆይተን ስንመለስ ሰልፍ የሚባል ነገር የለም። ስታዲየሙ ሞልቶ መስኮቱ ተዘግቷል፤ የተረፈው ሕዝብ አጥሩን ሊጥል ይገፋል። ድንጋዮቻችን የት እንደገቡ እንጃ።

"ተራ አለን፣ ድንጋይ አስቀምጠን ነው የሄድን" ቢሉት ጥበቃው ሳቀባቸው።

"አባባ፣ ድንጋይ ደግሞ ኳስ ያያል እንዴ?"

ትኬት አትርፎ የሚሸጥ አንድ ልጅ በጠራው ዋጋ የሁለታችን ኪስ ተገልብጦም አንድ ሰው አያስገባም። ከአጥሩ ሥር ቆመን ቀረን። ውስጥ በተጮኸ ቁጥር "ምን ሆነ? ከድር ነው?" ይሉኛል። እኔ ምን አውቄ! አንጀቴን በሉት።

ጨዋታው ሲያልቅ ከድር ላብ በላብ ሆኖ ወጣ። አባቱን ሲያይ ሮጠ።

"አባዬ፣ አዩኝ?"

"አየሁህ ልጄ፣ እንዴት አላይህ!" አሉና አቀፉት።

ኳስ እንጀራ አልሆነውም። ዓመቱ ሳያልቅ ከእኩዮቹ ጋር ሳዑዲ ብሎ በጅቡቲ በኩል ወጣ። ባሕር ላይ ከተሳፈረ ወዲህ ድምፁን የሰማ የለም።

ትናንት ከሚኒባስ ወርጄ ቤታቸው ጎራ አልኩ። በር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ እርጅና ጎድቷቸዋል። ስለዚያ ቀን አነሳን። ሐዘን ማብቂያ ሲያጣ ሰው ጥፋቱን ከራሱ ላይ ይፈልጋል መሰለኝ።

"ምነው አላየሁህም ባልኩት ኖሮ" አሉኝ። "ጨዋታውን ሳያሳየኝ አይሄድም ነበር።"