ግሌኒስ ያየችው

ጎረቤቴ ግሌኒስ ስልሳ ዓመት እስኪሞላት ድረስ ጥቁር መሆኔን ልብ ያለች አትመስልም ነበር። በትንሿ ከተማችን በዊሎራ ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ሳድል ለእሷ ኤርል ፖስተኛው ነበርኩ፤ በቃ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ሲድኒ ሄዳ የአንድ ቀን ሥልጠና ወሰደች። እሁድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ፤ ከፍቼ ባይ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«ኤርል፣ ይቅርታ አድርግልኝ» አለችኝ።

«ለምኑ?»

«ለሁሉም።»

ውሻዋ ቲማቲሜን ደግሞ የቆፈረ መስሎኝ «ግድ የለም፣ መልሶ ይበቅላል» አልኳት። ይኼን ስትሰማ ጭራሽ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ተንሰቀሰቀች። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ሴትዮዋ ለእኛ ለአውስትራሊያ ነባር ጥቁሮች አጋር ሆናለች።

አጋርነት ለግሌኒስ እንደ አዲስ ሃይማኖት ነበር። የሥልጠናውን ምስክር ወረቀት በመስታወት አስገብታ ሳሎኗ ሰቀለች። ደረቷ ላይ «አዳምጣለሁ» የሚል ባጅ አደረገች፤ ሥራም ገበያም ስትሄድ አታወልቀውም። ስለ ወገኖቼ ኑሮ የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ አምጥታ «አንብበው፣ ራስህን ታውቅበታለህ። ገጹን ግን እንዳታጥፍብኝ» አለችኝ። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የንባብ ማኅበር አቋቋመች፤ ሰባት ነጭ ሴቶችና እኔ። አልዋሽም፣ እኔ የምሄደው ለሎሚ ኬኩ ነው።

እንደ አገሩ ወግ ስብሰባ የሚከፈተው የምድሩን ነባር ባለቤቶች በሚያከብር ቃል ነው። ትምህርት ቤቱም፣ የእግር ኳስ ክለቡም በአንድ ትንፋሽ ብሎት ወደ ጉዳዩ ያልፋል። ግሌኒስ ግን ዓይኗን ጨፍና ስምንት ደቂቃ ትፈጅበታለች፤ ሲያበቃ ሁሉም ወደ እኔ ይዞራሉ፤ እኔም ኬክ አፌን እንደሞላው በአባቶቼ ስም ራሴን እነቀንቃለሁ።

ያልተመቸቻት የአጎቴ ልጅ ቬርና ብቻ ናት። ቬርና የትምህርት ቤቱ አዳሪዎች ምግብ አብሳይ ናት፤ ምላሷ ከቢላዋዋ የሰላ ነው። እኛ ዘንድ አክስት ተብሎ የሚጠራ ሰው ማዕረጉን በኑሮው ያገኘ ነው፤ የሚጠራውም የሚያውቀው ነው። ግሌኒስ ግን ከመንገድ ማዶ ሆና «አክስቴ ቬርና!» ብላ ጮኸች።

«ኧረ እባክሽ! እኔና እናትሽ መቼ ነው አንድ ጡት የጠባነው? ደሞ አንቺ አይደለሽም እንዴ በሁለት ዓመት የምትበልጪኝ?» አለቻት ቬርና።

ግሌኒስ ይኼንንም ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

መጋቢት ላይ የቬርና የመጨረሻ ልጅ ሻርሊን ግሌኒስ ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት ስትወጣ ተያዘች። ከቦርሳዋ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ተገኘ። ልጅቱ ቆጥሬ ከፍያለሁ፣ ደረሰኙን ግን አልፈልግም ብያለሁ አለች። ገንዘብ ተቀባዩ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ልጅ ነው፤ «ሰው በዝቶ ነበር፣ አላስታውስም» ብሎ አረፈው። ካሜራው ከተበላሸ ከርሟል። ያስያዛት ባለቤት ደግሞ «ለመሆኑ እሷ የፀሐይ ቅባት ምን ያደርግላታል?» ብሎ ሳቀ አሉ።

ሻርሊን አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የነርስ ኮሌጅ ተቀብሏት ነበር፤ በስርቆት ከተፈረደባት ግን ሆስፒታል ደጃፍ አያደርሷትም። አንድ ምስክር ነበራት። «ባጅ ያደረገችው ሴትዮ ስከፍል ከኋላዬ ነበረች» ብላለች።

እኔና ቬርና የዚያኑ ቀን ግሌኒስ ቤት ሄድን።

«አይተሻል?» አለቻት ቬርና፣ ሳትቀመጥ።

ግሌኒስ ከውኃ የወጣ ዓሣ መሰለች። «አይቻለሁ… ከፍላለች።»

«እሰይ! እንግዲያው ፍርድ ቤት ቀርበሽ ይቺን ትያለሽ።»

«ቬርና፣ እሱ እኮ… ልክ አይሆንም። ሥልጠናው ላይ የተማርነው፣ ነጭ ሰው በጥቁር ሰው ታሪክ ውስጥ ራሱን መሀል ማስገባት የለበትም። መድረኩን መልቀቅ አለብን። ማዳመጥ አለብን።»

«ማንን ነው የምታዳምጪው? እኔ እኮ ነኝ ተናገሪ የምልሽ!»

«እያዳመጥኩሽ ነው» አለች ግሌኒስ፣ እንባዋ ሞልቶ።

ቬርና ወደ እኔ ዞረች። «ኤርል፣ አውጣኝ ከዚህ ቤት፤ ሳላንቃት በፊት።»

ለእንጀራዋ ፈርታ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ባለቤቱ ክፉ ሰው ነው። ብቻ ግሌኒስ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። «ከሻርሊን ጎን ነን» የሚል ወረቀት በየመብራት እንጨቱ ለጠፈች። ሐምራዊ ሪባን ለከተማው ሁሉ አደለች። ማኅበሩ አንድ ሐሙስ ሙሉ ስለ ሻርሊን አለቀሰ፤ ኬኩም በዚያ ሰሞን ጣፈጠ። ሻርሊን ራሷ ቤቷን ዘግታ ስሟን ከመብራት እንጨት ላይ የሚያነሣላት ሰው ትፈልግ ነበር። አንድ ሰው አይቻለሁ ቢል የሚያልቅ ነገር፣ ሁሉም ነገር ተደረገለት፣ ያቺ አንዲት ቃል ብቻ ቀረች። ተናደድኩ። ሎሚ ኬኩንም ተውኩት።

የሻርሊን ጠበቃ ግሌኒስን በፍርድ ቤት መጥሪያ ባያስገድዳት ኖሮ እንዲሁ ይቀር ነበር። በቀጠሮው ቀን ምስክር ቦታ ቆማ ዓይኗን ጨፈነችና የምድሩን ባለቤቶች ማክበር ጀመረች።

«ወይዘሮ፣ እሱን ጠዋት ስንከፍት ብለነዋል። ያዩትን ይንገሩን» አለቻት ዳኛዋ።

«ክብርት ዳኛ፣ ድምፄ የጥቁር ሴትን ድምፅ እንዲሸፍን አልፈልግም። ተራዬን ለሻርሊን እለቃለሁ።»

«ሻርሊን ተናግራ ጨርሳለች። እዚህ አዳማጯ እኔ ነኝ፤ እርስዎ ይናገሩ።»

ቬርና ከኋላ ወንበር ብድግ አለች። «ግሌኒስ! በእናትሽ ባይሆን በውሻሽ ይዤሻለሁ፣ ያየሽውን ተናገሪ!» ፖሊሱ አስቀመጣት።

ግሌኒስ የቆመችበትን እንጨት ጨበጠች። «ስትከፍል አይቻለሁ» አለች፣ በቀጭን ድምፅ። «ሳንቲሙን ቆጥራ ሰጥታዋለች። ልጁ ስልኩን እያየ ነበር የተቀበላት።»

አለቀ ብዬ ተነፈስኩ። ከሳሹ የፖሊስ መኮንን ግን ተነሣ።

«ሱቁ በሰው ተጨናንቆ ነበር ተብሏል። እርስዎ ደግሞ ሥራዎ ከኋላ፣ ከመድኃኒቱ በኩል ነው። የአንዲት ልጅን ሳንቲም እንዴት ለይተው አዩ?»

«ከኋላዋ ነበርኩ።»

«ለምን?»

ግሌኒስ ደረቷ ላይ ያለውን ባጅ በእጇ ሸፈነች። ዳኛዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። የዚያን ጊዜ ነው፣ የፈራችው አለቃዋን እንዳልነበረ የገባኝ።

«እየተከተልኳት ነበር» አለች። «ከገባች ጀምሮ። ከመደርደሪያ መደርደሪያ።»

«ጠርጥረዋት ነበር?»

«አይ። ሁልጊዜ እከተላቸዋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት። እናቷን። ዘመዶቿን። ኤርልንም።»

«ባለቤቱ አዝዞዎት ነው?»

«ማንም አላዘዘኝም።»

ሻርሊን በነፃ ተሰናበተች። ደጅ ላይ እናቷን አቅፋ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ግሌኒስ ብቻዋን ደረጃው ላይ ቆማለች። የማኅበሩ ሴቶች ዓይናቸውን ከእሷ አሽሽተው መኪናቸው ውስጥ ገብተዋል። ተጠጋችኝ።

«ኤርል… አንተ አታውቅም ነበር አይደል?»

አይ፣ አላውቅም ብላት ደስ ይላት ነበር። ለጎረቤት ደግሞ ትንሽ መዋሸት ነውር አይደለም። ግን ዛሬ እሷ እውነቱን ተናግራለች፤ እኔ በውሸት ልሸኛት አልፈለግሁም።

«ግሌኒስ፣ ስትከተይኝ ጫማሽ እኮ ይጮሃል» አልኳት።

ቬርና ሰምታ ከወዲያ ተቀበለች። «እኔማ አንዳንዴ የምገዛው ሳይኖረኝ ሦስት ዙር አዞርሻለሁ። ደክሞሽ ብትተይ ብዬ።»

ለማሳቅ ነበር ያለችው፤ ሦስታችንም ግን አልሳቅንም።