ፊሽካ አልነፋ ያለው የጂንካ ባቡር

ከጂንካ እስከ ኦሞራቴ ባለው አገር ስለ ባቡር የእኔን ያህል የሚያውቅ ሰው የለም። ይህን የምለው ልኩራራ ብዬ አይደለም፤ ማንም ሊከራከረኝ ስለማይችል ነው። ማንም የማይከራከረኝ ደግሞ ከጂንካ እስከ ኦሞራቴ አንዲት ክንድ የባቡር ሐዲድ ስለሌለ ነው። እኔም ብሆን እውነተኛ ባቡር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ያየሁት የግድግዳ ካላንደር ላይ ነው፤ እሱንም ፊት ለፊቱ የቆመችው ቆንጆ ልጅ ግማሹን ጋርዳዋለች።

የማውቀው ጠረጴዛ ላይ የሚሄደውን ባቡር ነው። ጠቅላላ ርዝመቱ ከክንዴ እምብዛም አይበልጥም። ሆኖም ከአይሱዙም፣ ከወፍጮም፣ ከጎረቤትም እንደ እሱ ያስቀናኝና ያንገበገበኝ የለም።

ጂንካ የመጣሁት መንግሥት በተለወጠ ሰሞን፣ ጢም ያላበቀልኩ ጎረምሳ ሳለሁ፣ በጭነት መኪና የበቆሎ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው። ራዲዮ መጠገን ከአጎቴ ተማርኩና ገበያው ዳር ሱቅ ከፈትኩ። ከኦሞራቴ የሚመጣልኝን ራዲዮ ስፈታ ከውስጡ የሚወጣው አሸዋ አንድ ክፍል ቤት ይለስናል። ከቀይ አፈር ከተማ የሚመጣው ቴፕ አቧራው ራሱ የሚዘፍን ይመስላል። ሁሉንም አስነስቻለሁ። የሞተ ሰው ቢያመጡልኝ እንኳ መጀመሪያ ፊውዙን ነበር የማየው።

ከደንበኞቼ ሁሉ የምትበልጥብኝ ግን አንዲት ነበረች። ድሮ አውሮፕላን ያርፍበት ከነበረው ሜዳ አጠገብ ፔንሲዮን ያላት ባሏ የሞተባት ሴት ናት። የቤቷ ሶኬት ሁሉ በእጄ አልፏል። ደህና የሚሠራውንም አንዳንዴ «ይሄ ነገር አላማረኝም» እያልኩ እፈታው ነበር፤ ቶሎ ሠርቶ የሚጨርስ ሰው ቶሎ ይሸኛላ። ላገባት እፈልግ ነበር። ይህን ከእኔና ከመበየጃ ካውያዬ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

አንድ ጊዜ ብቻ ተናግሬያለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ እኔ ወንበር ላይ ቆሜ አምፖል ስቀይር፣ እሷ ወንበሩን ይዛልኝ ነበር። «ከምመላለስ ለምን አታገቢኝም? ለአንቺም ይቀልሻል» አልኳትና ሳቅኩ።

«ምን አልክ?» አለችኝ።

«ዝናቡ በረታ ነው ያልኩት።»

በዚሁ ቀረ።

ባቡሩን ያመጣው ውሃ ጉድጓድ ለሚቆፍሩ ሰዎች ምክር ሊሰጥ የመጣ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ነው። እሷ ቤት ለረጅም ጊዜ ተቀመጠና ጓሮ ያለው ክፍል ውስጥ ሐዲድ ዘረጋ፤ ማታ ማታ ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ባቡሩን ያዛል። አገሩ ሲመለስ ባቡሩንም፣ ኮምፒውተሩንም፣ ትእዛዙን ወደ ሐዲዱ የምታስተላልፈውን ትንሽ ሳጥንም ለእሷ ትቶላት ሄደ። እሷም አዲስ የመመገቢያ አዳራሽ ስታሠራ አንድ ነገር ታሰባት። በምረቃው ቀን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችና የመሥሪያ ቤት እንግዶች ቁጭ እንዳሉ፣ ባቡሩ ከጓዳ በግድግዳው ቀዳዳ መብራቱን አብርቶ፣ ፊሽካውን እየነፋ ብቅ እንዲል ፈለገች። ፈልጋም ለከተማው ሁሉ ተናገረች።

ችግሩ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ባቡሩን ሂድ ሲሉት ይሄዳል፤ ቁም ሲሉት ይቆማል፤ ቀስ በል ሲሉት እንደ ሙሽራ ይራመዳል። መብራት አብራ፣ ፊሽካ ንፋ ሲባል ግን ደስ ሲለው ይሰማል፣ ሳይለው ዝም። ኮምፒውተሩ «መብራቱ በርቷል» ብሎ ይምላል፤ ባቡሩ ግን በጨለማ ይሄዳል። አንዳንዴ ደግሞ ፊሽካውን ይጀምርና አቁም ቢሉት እምቢ ይላል፤ ጎረቤት «ምን ሆናችሁ?» ብሎ እስኪመጣ ይጮሃል።

መጀመሪያ የተጠራሁት እኔ ነኝ። ይህ ይመዝገብልኝ። ባቡሩን ፈታሁት። ፊሽካውን በባትሪ ሞከርኩት፣ ጆሮዬን አደነቆረኝ። አምፖሏንም ሞከርኳት፣ ደህና ናት። ሽቦ የተበጠሰ የለም። ስለዚህ እዚህ አገር ሁላችንም የምናደርገውን አደረግኩ። በእኛ አቧራ የሚንቀሳቀስ ብረት ሁሉ ግራሶ ይቀባል፤ የሞተር ሳይክል ሰንሰለት፣ የወፍጮ ብረት፣ የበር ማጠፊያ። ሐዲዱ ብረት ነው፤ በላዩ የሚሽከረከረውም ብረት ነው። እሷ ሻይ ልታፈላ ስትገባ ከዳር እስከ ዳር ቀባሁት። ደግሞ አልሰሰትኩም፤ ለእሷ ቤት መቼ ሰስቼ!

በዚያ ቀን ባቡሩ በቅቤ ላይ እንደሚንሸራተት ሆኖ ሄደ። «እግዚአብሔር ይባርክህ፣ ወንድሜ» አለችኝ። ባርኮቱን ተቀብዬ «ወንድሜ» የሚለውን ዋጥኩት። በማግስቱ መብራቱም ፊሽካውም ጭራሽ ጠፉ። እሷም የማዶውን ሰውዬ ጠራች።

የማዶው ሰውዬ ከፔንሲዮኗ ፊት ለፊት ኮምፒውተር የሚጠግንና ጽሑፍ የሚያትም ነው። ሸሚዙ ሁልጊዜ እንደተተኮሰ ነው፤ በነዚያ ዓመታት አቧራ ሁላችንም ላይ ሲወርድ እሱን ዞሮት ያልፍ ነበር። ቢበዛ በሁለት ዓመት ብበልጠው ነው፤ እሱ ግን ሰው ፊት ሲሆን «ጋሼ» ይለኛል። ያውም ረዘም አድርጎ።

የሚሠራበትን ቀን አጣርቼ ሻይ ልጠጣ ሄድኩ። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ አገኘሁት። ለእኔ ሻይ በብርጭቆ መጣልኝ። ለእሱ ግን በሲኒ፣ ከነማስቀመጫው! በዚያ ቤት ማስቀመጫ መኖሩን ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

«ጋሼ፣ እርስዎም እዚህ ነዎት?» አለኝ።

«ሻይ ልጠጣ ነው። ምን ሆነ ባቡሩ?»

«ሲስተሙ ኮማንድ ይልካል፤ ግን ሪስፖንስ የለም።»

«እኔም ይህንኑ ነው ያልኩት፣ በአማርኛ» አልኩ።

እሷ ሳቀች። በእኔ ቀልድ ሳቀች ብዬ ደስ ሳይለኝ፣ እሱን እያየች እንደሆነ አስተዋልኩ።

ፕሮግራሙን አጥፍቶ እንደገና ጫነው። የሳጥኗን ገመድ ቀየረ። ምንም። በሆዴ «ተመስገን» አልኩ። ቀጥሎ ግን ሰውዬው ዝም ብሎ ማየት ጀመረ። ባቡሩን ያዞራል፣ ፊሽካ ያዛል፣ የት ላይ እንደሰማና የት ላይ እንዳልሰማ በዓይኑ ይከተላል። መስኮቱ ጋ አንዳንዴ ይሰማል፤ በር አጠገብ ያለው ኩርባ ላይ ፈጽሞ አይሰማም። ተነሣና ኩርባው ላይ ጣቱን ሐዲዱ ላይ አሳለፈው። ጣቱን አየው። ለእሷም አሳያት። ጥቁር ነበር።

«ማን ነው ሐዲዱን ግራሶ የቀባው?»

እኔ ሻዬን እያማሰልኩ ነበር። ስኳር የለውም፤ ግን አማሰልኩት። «ፈረንጁ ይሆናል» አልኩ። «ፈረንጅ ግራሶ ይወዳል።»

«እንዴ፣ ግን እኮ ባቡሩ ይሄዳል!» አለች እሷ። «ግራሶው ከከለከለው እንዴት ይሄዳል?»

ወደ እሷ ዞረና፣ ልጅ እንደሚያስተምር ሰው ሳይሆን ጨዋታ እንደሚያጫውት ሆኖ ነገራት። ያን ቀን ምነው ድዳ በሆነ ብዬ ተመኝቻለሁ።

«ትእዛዙ ለባቡሩ የሚደርሰው በሐዲዱ ነው። ግራሶና አቧራ ያለበት ቦታ ሲደርስ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ጆሮው ይደፈናል። ፍጥነቱን ሳጥኗ ያለማቋረጥ ትደጋግምለታለች፣ ሂድ፣ ሂድ፣ ሂድ እያለች። አንዱ ቢያመልጠው ሌላው ይደርሰዋል። ፊሽካውን ግን አንዴ ብላ ዝም ነው የምትለው። ያቺ አንዴ ግራሶው ላይ ካረፈች ጠፋች። ኔትወርክ ወደማይይዝበት ካንጋተን ስትደውዪ ምን ትያለሽ?»

«ሄሎ፣ ሄሎ፣ ይሰማል? ይሰማል?»

«አንዴ ብለሽ ትዘጊያለሽ?»

«ማን ሊሰማኝ!»

«አየሽ፣ ይኸው ነው» አላት።

«አየሽ» አላት! ባለፈው ሳምንት «እርስዎ» ነበረች። ነገሩ ገባኝ፤ የባቡሩም የሌላውም።

ከፋርማሲ አልኮል አስመጣችና ሦስታችንም ሐዲዱን ስንወለውል ዋልን። በዚያ አማኝ ቤት አልኮል ሲገባ የመጀመሪያው ነው ብዬ ቀለድኩ፤ እሱ ብቻ ሳቀ፤ እሱ መሳቁ ይበልጥ አናደደኝ። ከዚያ ኮምፒውተሩ የመብራቱንና የፊሽካውን ትእዛዝ ደጋግሞ እንዲልክ አደረገው። ባቡሩ በዞረ ቁጥር በራ፣ ነፋ፣ አቁም ሲባል አቆመ። እሷ አጨበጨበች። እኔም አጨበጨብኩ፤ መዳፌ ግን አልተገናኘም።

የምረቃው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሐዲዱ ከጓሮው ክፍል ተነሥቶ፣ ከጓዳ እስከ አዳራሹ በተደረደሩ ጠረጴዛዎች ላይ ተዘርግቷል። የማዶው ሰውዬ ክራቫት አስሮ ኮምፒውተሩ ፊት ተሰየመ። እኔን «ባቡሩ ከመስመር እንዳይወጣ እይልኝ» ብላ ጓዳ በኩል፣ ቀዳዳውን ከሚሸፍነው መጋረጃ ጀርባ አቆመችኝ። እሱ ሕዝብ ፊት፣ እኔ ሽንኩርት መሐል። ጸሎት ተደረገ፤ መዝሙር ተዘመረ፤ እሷ ራሷን ነቀነቀች፤ እሱ ቁልፉን ተጫነ።

ባቡሩ መብራቱን አብርቶ መጣ። ፊሽካ ግን የለም። ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ በሙቀቱ ከሐዲዱ መጋጠሚያ ውስጥ የተደበቀው ግራሶዬ ቀልጦ ወጥቶ፣ ከቀዳዳው በፊት ያለው ሐዲድ እንዲያብረቀርቅ አድርጎታል። እሱ ቁልፉን ይጫናል፤ ዝም። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሊስቅ ሲል አፉን ሲይዝ ሰማሁ። በመጋረጃው ክፍተት የእሷን ፊት አየሁት፤ ከተማውን በሙሉ ጠርታ ልታፍር ነው።

ሁለት ጣቴን አፌ ውስጥ ከተትኩና ነፋሁ። ባቡር እንዴት እንደሚጮህ ስለማላውቅ ከአርባ ምንጭ የሚመጣውን አውቶቡስ ነው የነፋሁት፤ ኩርባ ላይ እንደሚጮኸው፣ ረዥምና የሚንቀጠቀጥ። ባቡሩ በዚያ ድምፅ ወደ አዳራሹ ገባ። ጭብጨባው ጣሪያውን አንቀሳቀሰው ብል ትንሽ ነው ያጋነንኩት። የማዶው ሰውዬ ተነሥቶ እጅ ነሳ። በእኔ ሳንባ እሱ እጅ ነሳ!

እንግዶቹ ሲበሉ እሷ ጓዳ ገባች።

«ፊሽካው አንተ ነህ» አለችኝ።

«በምን አወቅሽ?»

«ባቡር ነፍቶ ሲጨርስ አያስልም።»

ሁለታችንም ሳቅን። ያን ያህል ቀርባኝ ስቃ አታውቅም። አሁን ልበል፣ አሁን ልበል እያልኩ ሳለ ቀደመችኝ።

«ግራሶውም አንተ ነህ። ፈረንጁ ምን በደለህ? ሸሚዝህ ላይ እኮ ካለ ስንት ቀኑ።»

«ለዝገት ይሆናል ብዬ ነው…»

«ተወው።» መጎናጸፊያዋን አስተካከለች። «የማዶው ሰው ላግባሽ ብሎኛል።»

«መቼ?»

«በየቀኑ።»

ከአጠገቤ ሽንኩርት ልልጥ አነሣሁ።

«አንተም አንድ ጊዜ ብለኸኝ ነበር» አለች።

«ሰምተሽ ነበር? ዝናቡ…»

«ቆርቆሮው ጮኸ እንጂ እኔ ጆሮ አለኝ። ምን አልክ ስልህ ዝናብ አልከኝ። ደግመህ ትለዋለህ ብዬ ስንት አምፖል አስቀየርኩህ።»

ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሽንኩርቱ ነው። በእርግጥ ገና አልላጥኩትም ነበር።

እሺ አለችው። ሠርጉ በዚያው አዳራሽ ሆነ። የማዶው ሰውዬ በዋዜማው የሐዲዱን መጋጠሚያ ሁሉ እየፈታ ሲያጸዳ እንደዋለ ሰማሁ፤ የግራሶ ሽታ እንኳ አልተወም። ሙሽሮቹ ሲገቡ ባቡሩ መብራቱን አበራ፣ ፊሽካውን ነፋ፣ አቁም ሲባል አቆመ። አንዲት ትእዛዝ አላመለጠችውም።

ይህን ሁሉ በደንብ የማውቀው እዚያው ስለነበርኩ ነው። እዚያው ስል ከእንግዶቹ ጋር ማለቴ አይደለም። ማንም ሳይጠራኝ፣ ማንም ሳያዘኝ፣ ሃምሳ ሊሞላኝ የተቃረብኩ ሰውዬ፣ ለሠርጉ ብዬ በገዛሁት አዲስ ሱፍ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ፣ ሁለት ጣቴን አፌ ውስጥ ከትቼ፣ የአሻንጉሊት ባቡር እንዲበላሽ እጸልይ ነበር።